ሽማግሌ የሚላክበት ቤት

ታዴዎስ ብስክሌት መንዳት የተማረው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ያስተማረችው ንግሥቲ ናት።

ቦሌ ላይ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ከተሠራ ወዲህ፣ በልጅነታቸው ሳይማሩ ያለፋቸው ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ሊለማመዱ ይወጣሉ። ንግሥቲ ብስክሌት ከሚያከራዩት ጋር ተስማምታ ታለማምዳቸዋለች። ተወልዳ ያደገችው አስመራ ነው፤ እዚያ ብስክሌት አባቷ ወደ ሥራ፣ እሷ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ተራ ነገር ነበር። ታዴዎስ ደግሞ መሐንዲስ ነው። አያት አካባቢ የሚሠሩ ሕንጻዎች ምሰሶ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ያሰላል። በሁለት ጎማ ላይ ግን የራሱን ሸክም መቻል አቅቶት፣ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ከሚያነቡ አዛውንት ጋር ተጋጭቷል።

«ወደ ታች አትይ» አለችው።

«የምወድቅበትን ቦታ እያየሁ ነዋ።»

«የምታየው ቦታ ላይ ነው የምትወድቀው። ቀና በል። እኔን እይ።»

እሷን አየ። ሚዛኑን ያገኘው በዚያች ቅጽበት ይሁን ያጣው፣ እስካሁን እርግጠኛ አይደለም። ሌሎቹ ለምደው ሲሄዱ እሱ በጋውን ሙሉ ሲማር ከረመ። ብቻውን መንዳት ከቻለ በኋላ እንኳ «መዞር ላይ ገና ራሴን አላመንኩም» እያለ ይመጣ ነበር። ንግሥቲ እንደሚዋሽ ታውቃለች። አውቃም አልከለከለችውም።

እሷ አዲስ አበባ የመጣችው ድንበሩ የተከፈተ ሰሞን ነው፤ ለጥቂት ወራት ብላ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ በረራው ቆመ፣ ስልኩም አንዳንድ ቀን ይገባል፣ አብዛኛውን ቀን አይገባም። ስዊድን ያለው ወንድሟ ፀጋዘአብ ወደ እሱ ሊወስዳት ጉዳይ ጀምሮላታል። እስከዚያው ከኢምፔሪያል ገባ ብሎ ገርጂ ውስጥ፣ ወይዘሮ እንቁ የሚባሉ ሴት ግቢ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አልጋ አልገዛችም፤ ፍራሿ መሬት ላይ ነው። መጋረጃም አልሰቀለችም። ለሚሄድ ሰው ምን ያደርግለታል ትላለች።

ከሁሉ የሚያደክማት ግን ሌላ ነገር ነበር። ታክሲ ውስጥም ሱቅ ውስጥም አነጋገሯን ሰምቶ አገሯን የጠየቃት ሁሉ «አስመራ? ታዲያ አንቺማ እኛው ነሽ፤ እንግዳ አይደለሽም» ይላታል። በቅን ልብ ነው የሚሏት። እሷ ግን እንግዳ ነበረች። ሰው የሚስቅበት ቀልድ የሚያመልጣት፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ «የቅርብ ተጠሪሽ ማን ይባላል?» ሲሏት የማንን ስም እንደምትሰጥ የሚጨንቃት እንግዳ። እንግዳ አይደለሽም የተባለ ሰው ደግሞ አገሬ ናፈቀኝ ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ አያገኝም።

ይህን የነገረችው ለታዴዎስ ብቻ ነው። እሱ «እኛው ነሽ» አላላትም። «ምንድን ነው የሚናፍቅሽ?» ብሎ ጠየቃትና ጨርሳ እስክትናገር ሰማት። የወደደችው ያን ቀን ነው።

*

ኢምፔሪያል አጠገብ ካለ ጁስ ቤት ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከታች የታክሲ ረዳቶች «ገርጂ! ገርጂ!» እያሉ ይጣራሉ። ታዴዎስ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። ንግሥቲ ይህን ስታይ ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ያልገባት መስላ የአቮካዶ ጁሷን በማንኪያ ታማስላለች።

«ንግሥቲ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ» አላት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቀና ስትል ዓይኖቿ በእንባ ተሞልተዋል፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሏል። ታዴዎስ እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት ያየ አልመሰለውም።

«ለቤተሰቦችህ ተናገርክ?»

«ለእማዬ ነግሬያታለሁ።»

«ምን አሉ?»

 የታዴዎስ እናት ወይዘሮ አሰገደች ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ልጅቱን አልጠላኋትም። ግን ሽማግሌ የት ነው የምንልከው? ማን ቤት?» ይህን ጥያቄ ሲያብሰለስለው ሰንብቷል። የሽማግሌ ነገር ቢነሳ የንግሥቲ አባት እዚህ አለመኖራቸው ይነሳል፤ ያ ከተነሳ ደግሞ እሷ ታዝናለች። ጭራሽ ባይነሳ ይሻላል ብሎ ወሰነ። የወሰነው ስለሚወዳት ነው።

«ምንም አላለችም» አለ። «ደግሞ እኔ ሽማግሌ ምናምን የሚባለው ይቅር ብያለሁ። ቀጥታ ሄደን እንፈራረም። ዘመኑ ተቀይሯል እኮ። ደግሞስ ለማን ይላካል?»

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። መብራት የጠፋበት ቤት ውስጥ ምጣዱ ቀስ እያለ እንደሚበርድ፣ ቀስ እያለ ነው የሄደው።

«ለማን ይላካል» አለች እሷም፣ ቃሉን እንደሚያጠና ሰው።

«እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።»

«አልከበደኝም። እውነትህን ነው። ለማን ይላካል?»

«ንግሥቲ…»

«እህትህ ስታገባ ሽማግሌ መጥቷል?»

«የእሷ ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው?»

 «እሷ ቤተሰብ አላት» የሚለው መልስ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከመጀመሪያው የባሰ ስለሆነበት ዋጠው።

ቦርሳዋን አነሳች። «ወንድሜ ጠበቃው በሚቀጥለው ሳምንት ቁርጡን ይፈልጋል ብሎኛል። የስዊድኑ ጉዳይ ይቀጥል ወይስ ይቅር? እኔ ደግሞ ትንሽ ጠብቀኝ፣ ትንሽ ጠብቀኝ እያልኩት ነበር፤ ባንተ ምክንያት።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። «እዚህ አገር ሰው እንደሌለኝ አውቃለሁ፣ ታዴዎስ። ካንተ አፍ ሲወጣ እንዲህ የሚያም ግን አይመስለኝም ነበር።»

ወጥታ ስትሄድ ሊከተላት ተነሳ፤ የሚላትን ስላላወቀ ግን መስኮቱ ጋ ቀረ። በመስኮቱ ቁልቁል አያት። ኢምፔሪያል ላይ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እንዳለ ወደየታክሲው ይሮጣል። እሷ ብቻ በመካከላቸው በዝግታ ትራመዳለች፤ የመቸኮል ምክንያት እንደሌለው ሰው። ታዴዎስ ምን እንዳጠፋ ገና በደንብ አልገባውም ነበር። ምን ያህል እንደሚወዳት ግን ያን ሰዓት ገባው።

*

ወይዘሮ እንቁ በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ከሆሳዕና በሙሽርነት መጥተው እዚሁ ገርጂ ወልደው፣ አሳድገው፣ ሴት ልጆቻቸውን ድረዋል። ጴንጤ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ በመዝሙሩ መካከል ደግሞ ይቆጣሉ። ንግሥቲ ሰላም ብላ ወደ ጓሮ ልታልፍ ስትል አስቆሟት።

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ እትዬ።»

«አልበላሽም። የበላ ሰው ፊት እንዲህ አይሆንም። ነይ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ላለመናገር አስባ ነበር፤ የምስሩን ሰፌድ ከፊሉን ወደ እሷ ሲገፉላትና እጇ መልቀም ሲጀምር ግን አፏም ጀመረ። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሸሚዙ መተኮሱን ሳይቀር።

ወይዘሮ እንቁ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ለማን ይላካል አለ?»

«አዎ።»

«ይሄ ቤት ምንድን ነው? መጋዘን ነው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተከራይ ነኝ።»

«ተከራይ ነሽ። ረቡዕና ዓርብ ላንቺ ብዬ የጾም ወጥ ለብቻ የምሠራው ለተከራይ ነው? ስታመሺ በር ላይ የምቆመው ኪራዩ እንዳያመልጠኝ ነው?»

«እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው።»

«ደግ አይደለሁም። ሰፈሩን ጠይቂ።»

ንግሥቲ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። ወይዘሮ እንቁ «አይዞሽ» አላሏትም። ጠጠር ሲያገኙ እያወጡ ወደ ግቢው እየወረወሩ፣ ማልቀሷን እስክትጨርስ አብረዋት ተቀመጡ።

ማታ ከታዴዎስ መልእክት መጣላት። «ስህተቴ ገብቶኛል ብዬ ልጽፍልሽ ጀመርኩ። ጽፌ ሳነበው ግን ገና እንዳልገባኝ አወቅሁ። ሲገባኝ እነግርሻለሁ። እባክሽ እስከዚያ ለወንድምሽ መልስ አትስጪው።» ደጋግማ አነበበችው። አልመለሰችለትም። ለወንድሟም አልደወለችም። በታዴዎስ እንደ ተናደደች መቆየት ፈለገች፤ ቁጣው ውስጥ ግን አንዳች ነገር ቀልጦ ነበር።

*

በማግስቱ ከሰዓት ታዴዎስ ራሱ መጣ። በሩ ፊት ለፊት የፈቲያ ሱቅ አለ። ፈቲያ የስልጤ ነጋዴ ናት፤ የሰፈሩን ገቢና ወጪ ሰው ከባንኮኒዋ ሆና ትከታተላለች።

«ኢንጂነር! ብስክሌቱስ?» አለችው።

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ይሻልሃል።»

በሩን አንኳኳ። ወይዘሮ እንቁ ከፈቱ፤ ከፍተውም በሩ መካከል ላይ ቆሙ።

«ደህና ዋሉ? ንግሥቲን ፈልጌ ነበር።»

«ለምን?»

«ላነጋግራት።»

«ምን ልትላት?»

ታዴዎስ ወደ ፈቲያ ሱቅ ዞር ብሎ አየ። ፈቲያ ስኳር መመዘኑን ትታለች። «ይቅርታ ልላት» አለ ዝቅ ብሎ።

«ይቅርታህን እነግርልሃለሁ። ሌላ ነገር ካለህ ደግሞ በሽማግሌ ነው።»

«እትዬ እንቁ፣ እኔ እኮ አልጠላሁም፤ ግን ለማን…»

ቃሉ አፉ ውስጥ ቆመ።

«ጨርሳታ» አሉት።

አልጨረሳትም። እኚህ ሴት በር ላይ የቆሙበትን አቋም አየ። አንድ እጃቸው በአንዱ መዝጊያ፣ ሌላው በሌላው ላይ ነው። እህቱ ስትታጭ እናቱ አያት ሰፈር ባለው ቤታቸው በር ላይ ልክ እንዲሁ ቆመው ነበር። ይህን በር ብዙ ቀን አንኳኩቷል፤ ንግሥቲን የሚጠራበት በር እንጂ የንግሥቲ በር ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። 

«ገባኝ» አለ።

«ከገባህ ሂድ። እዚህ ስትቆም ሰው ያይሃል። ለልጄም ስም ጥሩ አይደለም።»

ግቢው ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ኋላ፣ ንግሥቲ እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ቆማለች። «ለልጄ» የሚለውን ሰምታለች። አንሶላውን ለመስቀል ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

*

ወይዘሮ አሰገደች ክፉ ሴት አይደሉም። ልጃቸው የነገራቸውን ሁሉ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙት።

«ወይዘሮ እንቁ የሚሏቸው ዘመዷ ናቸው?»

«አይደሉም። አከራይዋ ናቸው።»

«ሃይማኖታቸውስ?»

«ጴንጤ ናቸው።»

«እሷ ኦርቶዶክስ፣ አከራይዋ ጴንጤ።» ወይዘሮ አሰገደች አሰቡ። «የንስሐ አባታችንን ይዤ ጴንጤ ቤት ሽማግሌ ልላክ?»

«እማዬ፣ ማን ቤት እንልካለን ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ቤቱ ይኸው ነው።»

«የጠየቅሁህ ለምን ይመስልሃል?»

«ዘር ማንዘሯን ለማወቅ ነዋ።»

እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ሁሉ ነገር ወግ ብቻ ይመስልሃል። እኔ አባትህን ሳገባ ሁለት ጊዜ አኩርፌ እናቴ ቤት ሄጃለሁ። አባትህ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ታረቅን። እናቴ ቤት ባይኖር የት እሄድ ነበር? ይቺ ልጅ ነገ ብታስቀይማት የት ልትሄድ ነው? እኔ ቤት መጥታ ለእኔ አንተን ታማለች? እኔ ያንተ እናት ነኝ፤ ብፈልግም ለእሷ አላደላም። የሚያደላላት ቤት ያስፈልጋታል። እሱን ነው የጠየቅሁህ።»

ታዴዎስ እናቱን አያቸው። ለሳምንታት ያን ጥያቄ እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ሊያልፈው ሲዳዳው ነበር። እናቱ የጠየቁት ግን ለእሷ አስበው ነው።

«አሁን ያ ቤት ያደላላታል?» አሉት።

«ትላንት በር ላይ መለሱኝ።»

ወይዘሮ አሰገደች መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው ለአጎትህ ልደውል» አሉ። ታዴዎስ እንደ ልጅ አንገታቸው ላይ ሊጠመጠም ፈለገ፤ አፍሮ እጃቸውን ብቻ ያዘ።

*

ለእሑድ ቀጠሮ ተያዘ። ወይዘሮ እንቁ ግን ከዚያ በፊት የወንድሟን ስልክ ከንግሥቲ ተቀብለው ለባላቸው ለጋሽ ጉግሳ ሰጡ። ጋሽ ጉግሳ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብም ምጽዋም ተመላልሰዋል፤ ትግርኛ የሚሞካክሩት ከዚያ ነው። ንግሥቲ በረንዳው ጥግ ቆማ ከፀጋዘአብ ጋር ሲያወሩ ሰማች። መጀመሪያ ሰላምታውን በትግርኛ አንበሸበሹት፤ ቋንቋው ሲያልቅባቸው ወደ አማርኛ ዞሩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወንድሟ መልሶ ደወለ። አስመራ መስመር አግኝቶ አባታቸውን አነጋግሯል። የአባቷን ቃል ነግሮ ሲጨርስ ጋሽ ጉግሳ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው፣ ልጆቻቸው ሲያገቡ የለበሱት ኮት ብል እንዳልበላው አዩ።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ሰዎች መጡ። የታዴዎስ አጎት አቶ እዝራ፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስና አንድ የአያት ሰፈር ጎረቤት። ንግሥቲ ከፈቲያ ጋር ማእድ ቤት ናት። ፈቲያ ሱቋን ዘግታ «እኔም የሴቷ ወገን ነኝ» ብላ ነው የመጣችው። ከሳሎኑ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ጉግሳ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ እዝራ።

«እንግዲያው ተናገሩ።»

«ልጃችን ታዴዎስ ልጃችሁን ንግሥቲን ወዷል። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡልን፣ እሱንም እንደ ልጃችሁ እንድትቀበሉልን ልንለምን መጥተናል።»

 ንግሥቲ የፈቲያን ክንድ ያዘች።

«ንግሥቲ አባት አላት» አሉ ጋሽ ጉግሳ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «አስመራ ናቸው። መንገድ ቢኖር ይህ ወንበር የእሳቸው ነበር። በቦታዬ ተቀመጥልኝ፣ እኔ የምጠይቀውን ጠይቅልኝ፣ አደራ ብለውኛል። ስለዚህ ቅር አይበላችሁ፤ ብዙ እጠይቃለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ጠየቁ። ሥራውን፣ ጠባዩን፣ በጎረቤት ያለውን ስም። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ያውቅ እንደሆነና እንዴት እንደታረቀ።

«ይጠጣል?» አሉ ወይዘሮ እንቁ።

«በበዓል አንድ ሁለት ቢራ።»

«አንድ በሉት።»

«አንድ ይሆናል» አሉ አቶ እዝራ።

«ብስክሌት ለመማር በጋውን ሙሉ ፈጅቷል አሉ። ትዳርስ ስንት ዓመት ሊፈጅበት ነው?» አሉ ወይዘሮ እንቁ።

«ያለማመደችው ልጃችሁ ናት» አሉ አቶ እዝራ። «ጥፋቱን እኩል እንካፈለው።»

ፈቲያ አፏን በሻርፗ አፈነች። ሳሎኑም ሳቀ። ወይዘሮ እንቁ ግን አብረው አልሳቁም።

«አንድ ነገር አለ» አሉ። «ልጁ ለማን ይላካል ብሏል። ይህ ቃል በልጄ ላይ ተነግሯል። እሷ ውጣው ዝም ብትልም እኔ ዝም አልልም።»

አቶ እዝራ ተነስተው ቆሙ። «ልክ ነው። ያጠፋው ነው። የላከን ራሱ ነው፤ ከሁሉ በፊት ስለዚህ ይቅርታ ጠይቁልኝ ብሎናል። እናቱም አንድ ቃል ልካለች። ልጅቱ ብታኮርፍ የምትሄድበት ቤት እንዳላት ሳላውቅ ልጄን አልድርም ብላለች።»

ጋሽ ጉግሳ ወደ አቶ እዝራ ዞሩ። «እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ። የጓሮዋን ክፍል ከእንግዲህ አናከራያትም። ብታገባም ቁልፏ እሷ ጋ ይቀራል። ስታኮርፍ ትመጣለች፣ ሳታኮርፍም ትመጣለች። እኔ በሕይወት ሳለሁ ያ ክፍል የእሷ ነው።»

ንግሥቲ ማእድ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። 

«እንግዲህ» አሉ ቄሱ በተስፋ፣ «ፈቀዳችሁልን ማለት ነው?»

«አልፈቀድንም» አሉ ወይዘሮ እንቁ።

«አልፈቀዳችሁም?»

«ልጅ በአንድ ቀን ልመና አይሰጥም። እኛም ገና አልጠገብናትም። ወንድሟን እናማክራለን፣ አባቷን እናማክራለን፣ እሷንም እንጠይቃለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

«ያኔስ?»

«ያኔ እናያለና።»

ቄሱ ፈገግ አሉ። ብዙ ቤት ለሽምግልና ሄደዋል፤ እምቢታውን ሲሰሙ ይህ ቤት ከሌላው እንደማይለይ ገባቸው። ተነስተው «እግዚአብሔር ፍጻሜውን ያሳምረው» አሉ። ጴንጤዎቹም አሜን አሉ፣ ሽማግሌዎቹም አሜን አሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ፈቲያ በቀስታ «አሚን» አለች።

ከዚያ ወደ ንግሥቲ ዞራ ደነገጠች። ንግሥቲ እያለቀሰች ትስቃለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? እምቢ ነው እኮ ያሉት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

እንዴት እንደምታስረዳት አላወቀችም። በዚህ ከተማ ብዙ ሰው «እኛው ነሽ» ብሏታል፤ ብሏትም ከታክሲው ወርዶ ሄዷል። ስለ እሷ ተቀምጦ የመረመረ፣ የተከራከረ፣ ሰው አስቁሞ ይቅርታ ያስጠየቀ ግን አልነበረም። አሁን በዚህ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሰዎች ልስጥ አልስጥ ብለው ስለ እሷ ተጨንቀዋል። ሊሰጧት የሳሱላት ሰው ሆናለች።

ስልኳ ነዘረ። ታዴዎስ ነው፤ ገርጂ ማዞሪያ ላይ መኪና ውስጥ ሆኖ ሽማግሌዎቹን እየጠበቀ ነው።

«ምን አሉ?»

ዓይኗን ጠርጋ ጻፈች። «ቤተሰቦቼ እናስብበት ብለዋል።»

መልሱ ለመምጣት ዘገየ። ቃሉን ደጋግሞ እያነበበው እንደሆነ አወቀች፤ የትኛውን ቃል እንደሆነም አወቀች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ሽማግሌ የላክኸው ለእነሱ ነው።» ላከችው። ከዚያ ጥቂት አስባ ጨመረች፤ «ግን ተስፋ አትቁረጥ።»

ቀጥላ ወደ ስዊድን ደወለች። ፀጋዘአብ ወዲያው አነሳው።

«ፈቀዱለት?»

«አልፈቀዱለትም።»

«ኧረ! ታዲያ ለጠበቃው ቀጥል ልበለው?»

«አይ፣ ተወው። እቀራለሁ በለው።»

«ባይፈቅዱለትስ?»

«ባይፈቅዱለትም» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እውነት እንደሆነ ራሷን ሰምታ ተገረመች።  ወንድሟ በራሳቸው ቋንቋ፣ በልጅነቷ በሚጠራት ስም ጠርቶ መረቃት።

ከሳሎን የወይዘሮ እንቁ ድምፅ መጣ።

«ንግሥቲ! ይሄን ሁሉ ብርጭቆ እኔ ላነሳው ነው? ሙሽራ ሆንኩ ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ገና አልሰጠንሽም!»

«መጣሁ» አለች ንግሥቲ። ፊቷን በውሃ አበስ አበስ አድርጋ፣ ትሪውን አንስታ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።